ክሱ ሳይመጣ ጠበቃ ማቆም፦ ለንግድዎ ቋሚ የሕግ አማካሪ የሚይዙበት መንገድ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ብዙ ነጋዴ ጠበቃ የሚፈልገው እንደዚያው ነው። መጥሪያ ሲደርሰው ይደውላል። ሸሪኩ ስልክ ማንሳት ሲያቆም ይደውላል። ሒሳቡ ሲታገድ ይደውላል። በዚያ ሰዓት ግን ውሉ ተፈርሟል፣ ኢሜይሉ ተልኳል፣ ሠራተኛው ተባሯል። ጠበቃው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የተፈረመን ወረቀት ወደ ኋላ ተመልሶ አያርምም።

ይህ መመሪያ ከዚያ ቀን በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ቋሚ የሕግ አማካሪ የምንለው በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ እየተከፈለው የንግዱን ጉዳይ በቅርብ የሚከታተል ባለሙያ ነው። ክፍያውን «ሪቴይነር» የሚሉትም አሉ። እኔ እንደማየው ትልቁ ጥቅም ያለው ሕግ ማወቁ ላይ አይደለም፤ ሕግ የሚያውቅ ሞልቷል። ዋናው የእርስዎን ወረቀት ማወቁ ነው። ሦስት ዓመት አብሮዎት የቆየ አማካሪ የትኛው ደንበኛ ክፍያ እንደሚያጓትት ያውቃል። ከሸሪክዎ ጋር በቃል ብቻ የቀረ ነገር እንዳለ ያውቃል። የመጋዘኑ ኪራይ መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል። አዲስ ጠበቃ ይህን ሁሉ ለማወቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ ለቀናቱም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

የሕጉ ዝርዝር ከአገር አገር ይለያያል። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይለያይም። እንጀምር።

1. ወረቀቱን ከየመሳቢያው ያውጡ

አማካሪ ከመፈለግዎ በፊት የራስዎን ቤት ይፈትሹ። አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። የምዝገባ ሰነድና የሥራ ፈቃድ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኪራይ ውል፣ የብድር ውልና የሰጡት ዋስትና፣ ከአቅራቢና ከደንበኛ ጋር የተፈረሙ ውሎች፣ የሠራተኞች ፋይል፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲ፣ የግብር ወረቀቶች። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ያድርጓቸው።

ከዚያ በሦስት ይክፈሏቸው። በመጀመሪያው ክምር ተፈርመው በእጅዎ ያሉት ይግቡ። በሁለተኛው ደግሞ መፈረማቸውን የሚያስታውሷቸው፣ ግን ኮፒያቸው የጠፋ። ሦስተኛው ክምር ሲጀመር ባዶ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ በቃል ብቻ የተስማሙባቸውን ነገሮች ይጻፉ። «ሸሪኬ ያስገባው ገንዘብ ብድር ነው እንጂ ድርሻ አይደለም»፣ «አከራዩ ለሁለት ዓመት አልጨምርም ብሎኛል»፣ «ለሽያጭ ሠራተኛው ኮሚሽን አለው»። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ክምር ነው። በብዙ አገር የቃል ውልም ውል ነው። ችግሩ የሚመጣው ማስረዳቱ ላይ ነው። አንዱ «ብለሃል»፣ ሌላው «አላልኩም» ሲል ዳኛው ማንን ይመን?

ሁለት ነገሮች በብዛት ይረሳሉ። አንዱ አሮጌ ውክልና ነው። ከሥራ በለቀቀ ሰው እጅ የቀረ ያልተሻረ ውክልና የቤት ቁልፍ ሰጥቶ እንደመርሳት ነው። ሌላው የድረ ገጽ ስም ነው። ስሙ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው? ድሮ ድረ ገጹን በሠራው ልጅ ከሆነ፣ የይለፍ ቃሉም ያለው እሱ ጋ ነው። ዛሬውኑ ይደውሉለት።

2. ቀኖቹን ካላንደር ላይ ያስፍሩ

ይህ አጭር ሥራ ነው። በየወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ሁሉ ወደ አንድ ካላንደር ይገልብጡ። ፈቃድ የሚታደስበት፣ ግብር የሚገባበት፣ ኪራይ የሚያልቅበት፣ ኢንሹራንስ የሚያበቃበት። ከሁሉ በላይ ግን «በራሱ ይታደሳል» የሚል አንቀጽ ያለባቸውን ውሎች ይፈልጉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የማሽን ኪራይ ውል ላይ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሳላስተውል ፈርሜያለሁ። ለማቋረጥ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብኝ። እኔ የጻፍኩት 20 ቀን ሲቀረው ነበር። ለማልጠቀምበት ማሽን ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ከፈልኩ። አከራዩን ልወቅሰው አልችልም፤ ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ካላንደሩ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ ውሉ የሚያልቅበት ቀን ብቻ እንዳይሆን። ማሳወቂያው የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀንም ይጻፍ።

3. ነገር የሚነሳባቸውን ቦታዎች ይለዩ

ሁሉም ንግድ አንድ ዓይነት ሥጋት የለበትም። ሆኖም ነገር የሚወለድባቸው ጓዳዎች የታወቁ ናቸው። እያንዳንዱን ይግቡና ይዩት።

መጀመሪያ በሸሪኮች መካከል ያለው። ሥራው ሲጀመር ሁሉም ወዳጅ ነው፤ ስለ መለያየት ማውራት ነውር ይመስላል። ግን ወረቀቱ መጻፍ ያለበት ያኔ ነው። አንዱ ቢወጣ ድርሻው በምን ስሌት ይገመታል? ቢሞት ወራሾቹ ይገባሉ ወይስ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ? ድርሻው እኩል ለእኩል ከሆነና ሁለቱ ባይስማሙ ማን ይወስናል? እኩል ለእኩል የሆነ ሽርክና ፍትሐዊ ይመስላል። መውጫ ያልተበጀለት ከሆነ ግን አንዱ «እምቢ» ባለ ቀን ሥራው ቀጥ ይላል።

እዚሁ ላይ የኪስና የድርጅት ገንዘብ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 በዚያን ጊዜ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በአሮን ሳሎሞን ጉዳይ አንድ ታዋቂ ፍርድ ሰጠ። ሰውየው የቆዳና የጫማ ነጋዴ ነበር። ንግዱን ወደ ኩባንያ ለወጠ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ የኩባንያውን ዕዳ ከኪስህ ክፈል ተባለ። የጌቶች ምክር ቤቱ ኩባንያው ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው፣ ዕዳውም የኩባንያው ነው ብሎ ወሰነ። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር የሚባለው ነገር ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ ግን ይህን ግድግዳ ሊያፈርሰው ይችላል። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ከድርጅቱ ሒሳብ የሚከፍል፣ የድርጅቱን ገቢ በግል ሒሳቡ የሚቀበል ሰው ነገ ፍርድ ቤት ቆሞ «እኔና ድርጅቱ የተለያየን ነን» ቢል አፉ ይያዛል። ለባንክ ብድር በግሉ ዋስ ሆኖ የፈረመም እንዲሁ ነው። ያቺ አንዲት ፊርማ ግድግዳውን ለባንኩ በር ታደርግለታለች።

ቀጥሎ ውል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ሰው ውል ሲያነብ ዋጋውን አይቶ ወደ ፊርማው ይዘልላል። መሐል ያለው ነው የሚያጣላው። ፈራሚው ማን ነው? የድርጅቱ ስም በምዝገባው ላይ እንዳለው ተጽፏል? የፈረመው ሰው የመፈረም ሥልጣን አለው? ዕቃው «ተረክቧል» የሚባለው መቼ ነው፤ መኪና ላይ ሲጫን፣ መጋዘን ሲደርስ ወይስ ተፈትሾ ሲፈረምለት? ክፍያው «በ30 ቀን» ከሆነ፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው? የሚዘገይ ሰው ምን ይከፍላል? ጉዳት ቢደርስ የኃላፊነት ጣሪያው ስንት ነው? ውሉን ማን፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ያቋርጣል?

ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታን የሚመለከተው አንቀጽ ለብዙ ዘመን ከሌላ ውል እየተገለበጠ የሚገባ ማሟያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም ውሉን አውጥቶ ያቺን አንቀጽ ማንበብ ጀመረ። «ወረርሽኝ» የሚል ቃል አለ? የመንግሥት ክልከላ ተጠቅሷል? ለተዋዋዩ ማሳወቅ ያለብኝ በስንት ቀን ውስጥ ነው? አንቀጹ ግዴታውን ያስቀራል ወይስ ያዘገየዋል ብቻ? መልሱ በአንድና በሁለት ቃል ይለያይ ነበር።

ከውጭ አገር ተዋዋይ ጋር ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ የማጓጓዣ ቃላት። «ኤፍ.ኦ.ቢ.» (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ ጭኖ ያስረክባል ማለት ነው) ብሎ ብቻ መተው አይበቃም። የወደቡ ስም፣ ከዚያም የእነዚህ ቃላት ዓለም አቀፍ ትርጉም የወጣበት «ኢንኮተርምስ 2020» ይጻፍ። በዚህ እትም ውስጥ 11 ቃላት አሉ። እያንዳንዳቸው አደጋውና ወጪው ከሻጭ ወደ ገዢ የሚተላለፍበትን ቦታ ይለያሉ። ሁለተኛ፣ የሚገዛው ሕግ። እ.ኤ.አ. የ1980ው የቪየና የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት አባል በሆኑ ሁለት አገሮች ነጋዴዎች መካከል በውሉ ካልተሰረዘ በቀር በራሱ ይሠራል። ብዙ ሰው ሳያውቀው በዚያ ሕግ እየተዳደረ ነው። ሦስተኛ፣ ክርክሩ የሚታይበት ቦታ። የሌላ አገር ፍርድ ቤት የሰጠውን ፍርድ ማስፈጸም አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። የግልግል ዳኝነት ውሳኔ፣ ማለትም ተዋዋዮቹ ከፍርድ ቤት ውጭ እንዲዳኟቸው የተስማሙባቸው ዳኞች የሚሰጡት፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1958ቱ የኒውዮርክ ስምምነት መሠረት ከ170 በሚበልጡ አገሮች ይፈጸማል። ስለዚህ የግልግል አንቀጽ ማስገባት ብልህነት ነው። ሲጻፍ ግን ቦታው፣ ቋንቋው፣ የዳኞቹ ብዛትና የሚመራው ተቋም ይጠቀስ። የሕግ ሰዎች ይህን አንቀጽ «የእኩለ ሌሊት አንቀጽ» ይሉታል፤ ሁሉም ደክሞት ለመሄድ ሲነሳ በመጨረሻ የሚጻፍ ስለሆነ። ስሙ የሌለ ተቋም የተጠቀሰበት የግልግል አንቀጽ ራሱ ሌላ ክርክር ይወልዳል።

ማስታወቂያም ውል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1892 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ያየው የካርሊል ጉዳይ ለዚህ ይጠቀሳል። በሽታ ይከላከላል የተባለ የሚታሸት የጢስ ኳስ የሚሸጥ አንድ ድርጅት «ይህን የጢስ ኳስ እንደ መመሪያው ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እከፍላለሁ» ብሎ በጋዜጣ አወጣ። ወይዘሮ ካርሊል ተጠቀሙ፤ ኢንፍሉዌንዛም ያዛቸው፤ ገንዘቡን ጠየቁ። ድርጅቱ «ይህ እኮ የማስታወቂያ ወሬ ነው» አለ። ፍርድ ቤቱ «ክፈል» አለ። በማኅበራዊ ሚዲያ «ካልወደዱት ገንዘብዎ ይመለሳል» ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ ይህን ጉዳይ ያስታውስ።

ሠራተኛ። እዚህ አንድ ነገር ብቻ ልጫን፤ ስያሜ አያድንም። «ፍሪላንሰር ነው፣ ተቋራጭ ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ሰውየውን ተቋራጭ አያደርገውም። በብዙ አገር ዳኞች የሚያዩት እውነታውን ነው። ሰዓቱን ማን ይወስናል? መሣሪያው የማን ነው? ለሌላ ሰው መሥራት ይችላል? በእርስዎ ትእዛዝ፣ በእርስዎ ወንበር፣ በእርስዎ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ሠራተኛዎ ሊባል ይችላል። ያኔ ያልተከፈለ ግብር፣ ጡረታና የዓመት ፈቃድ አብሮ ይመጣል። ስንብትም ላይ ምክንያቱ ትክክል ሆኖ ሥርዓቱ ባለመጠበቁ ብቻ የሚረታ አሠሪ ጥቂት አይደለም። ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሰውየው መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም፣ ፋይሉ ባዶ ነው።

ስምና ፈጠራ። የንግድ ምልክት ጥበቃ በአገር የተወሰነ ነው። በብዙ አገሮች ደግሞ ቀድሞ ያስመዘገበ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1883ቱ የፓሪስ ስምምነት መሠረት በአንድ አባል አገር ምልክትዎን ለማስመዝገብ ካመለከቱ፣ በሌሎች አባል አገሮች የመጀመሪያውን ቀን ይዘው ለማመልከት 6 ወር አለዎት። ለፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ሥራ መብት፣ 12 ወር ነው። ይህን ሰዓት ያለ አማካሪ የሚያስታውስ ባለ ንግድ አላጋጠመኝም። የቅጂ መብት ደግሞ ያለ ምዝገባ ይገኛል፤ ወጥመዱም ያለው እዚያው ነው። ገንዘብ ከፍለው ያሠሩት ሎጎ ወይም ሶፍትዌር በብዙ አገር መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈልዎ የሠሪው ሆኖ ሊቀር ይችላል። ደረሰኝ መያዝ መብት መያዝ አይደለም። የንግድ ምስጢርም ቢሆን የሚጠበቀው ባለቤቱ ራሱ ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ ከወሰደ ነው። የደንበኞችን ዝርዝር ሁሉም በሚያየው ፎልደር አስቀምጦ «ምስጢሬ ተሰረቀ» ማለት አያስኬድም።

የሰው መረጃ። ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚሰበስብ ድርጅት ሁሉ ይመለከተዋል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ጂ.ዲ.ፒ.አር.፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል። ከአውሮፓ ውጭ ሆነው በዚያ ላሉ ሰዎች ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርቡትንም ይይዛል። በሰዎች ላይ ሥጋት የሚያመጣ የመረጃ መፍሰስ ሲደርስ ለተቆጣጣሪው ማሳወቂያው ድርጅቱ ካወቀበት ጀምሮ 72 ሰዓት ነው። ከፍተኛው ቅጣት 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶው ነው፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። ጠበቃ መፈለግ የሚጀመረው በ70ኛው ሰዓት ከሆነ ምን ሊደረግ ነው?

ግብሩን ለሒሳብ ባለሙያዎ እተወዋለሁ። ብቻ ሒሳብ ባለሙያውና ሕግ አማካሪው ይተዋወቁ።

4. ሰውየውን ይምረጡ

አሁን በእጅዎ ወረቀትም አለ፣ ሥጋትዎንም ያውቃሉ። ያለዚህ ጠበቃ መምረጥ ምንዎን እንደሚያምዎት ሳይናገሩ መድኃኒት እንደመጠየቅ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያነጋግሩ። መጀመሪያ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ከሚያስተዳድረው አካል ያረጋግጡ። ከዚያ ይጠይቁ። በእኔ ዓይነት ሥራ ላይ ምን ያውቃሉ? ሥራውን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ጀማሪ? ከተፎካካሪዬ ወይም ከአቅራቢዬ ጋር ይሠራሉ? ይህ የመጨረሻው የጥቅም ግጭት ጥያቄ ነው፤ ሳይጠየቅ እንዳይታለፍ።

ወሬ ግን ልክ አያሳይም። አንድ እውነተኛ ውል ይስጡትና በክፍያ ያሠሩት። ሲመልስልዎ ሦስት ነገር ይዩ። የጻፈው ይገባዎታል? ትልቁን ሥጋት ከትንሹ ለይቷል ወይስ 40 አስተያየት በእኩል ድምፅ ደርድሯል? ከውሉ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆዎታል? «ይህን አላውቅም፣ አይቼ እነግርዎታለሁ» ያለ ሰው በእኔ ዘንድ ነጥብ ያገኛል። ለሁሉም «አይሆንም» የሚል ንግድዎን ያስርዎታል። «በእርግጠኝነት እናሸንፋለን» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው።

ደመወዝ ከፍሎ የሕግ ባለሙያ መቅጠር ይሻላል የሚሉም አሉ። ሥራው በየቀኑ ከሆነ ትክክል ናቸው። አንድ ልዩነት ግን ይወቁ። የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ጥበቃ ለተቀጣሪ የሕግ ባለሙያ በሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በኅብረቱ የውድድር ሕግ ምርመራ ውስጥ ድርጅት ከተቀጣሪ ጠበቃው ጋር የተጻጻፈው በዚያ ጥበቃ እንደማይሸፈን ወስኗል። ስለዚህ ከባዱን ነገር ከመጻፍዎ በፊት ለማን እንደሚጽፉ ያስቡ።

አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ትንሽ ንግድ፣ ጥቂት ውል ያለው፣ ሠራተኛ የሌለው ከሆነ ወርሃዊ ክፍያ ላያስፈልገው ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ በጉዳይ እየከፈለ ቢመካከር ይበቃዋል። ዋናው ሰውየው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

5. ከአማካሪው ጋር ያለውን ውል ይጻፉ

የሚያስቀው፣ ሌላውን ሁሉ «በጽሑፍ አድርጉ» የሚል ጠበቃና ደንበኛው የራሳቸውን ነገር በቃል ትተው መገኘታቸው ነው።

ክፍያው በአብዛኛው ከሦስት በአንዱ ይሄዳል። በወር የተወሰነ ሰዓት፣ በቅድሚያ ገብቶ በሰዓት እየተቀነሰ የሚሄድ ገንዘብ፣ ወይም ለተዘረዘሩ ሥራዎች ቁርጥ ወርሃዊ ክፍያ። በየትኛውም ቢሆን የሚከተለው ይጻፍ። ወርሃዊው ክፍያ ምን ምን ይሸፍናል? ፍርድ ቤት መቆም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል፤ ይህ በግልጽ ይባል። ያልተጠቀሙበት ሰዓት ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል? ለተራ ጥያቄ በስንት ቀን፣ ለአስቸኳይ በስንት ሰዓት ይመልሳል? ከእርስዎ በኩል ማን መደወል ይችላል? አሥር ሠራተኛ ከደወለ ሰዓቱ በሳምንት ያልቃል።

አንድ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ደንበኛው ማን ነው፤ ድርጅቱ ወይስ እርስዎ? አማካሪው የድርጅቱ ከሆነ፣ ነገ ከሸሪክዎ ጋር ብትጣሉ የእርስዎ ጠበቃ ሊሆን አይችልም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ላይ «ከዳኝ» ከማለት ያድናል። መለያያውም ይጻፍ፤ ውሉ ሲቋረጥ ፋይሉ በስንት ቀን ይመለሳል፣ በምን መልክ። ለመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ወር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ታድሱታላችሁ ወይም ትለያያላችሁ።

6. መቼ እንደሚደወል ይወስኑ

አማካሪ ይዘው የማይደውሉ ሰዎች አሉ። ሰዓት ይቆጥርብኛል ብለው ይፈራሉ። ሌሎች ደግሞ ለሁሉም ይደውላሉ። ሁለቱንም የሚፈውሰው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አጭር ዝርዝር ነው። በእኔ ዝርዝር ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ሰው ከማሰናበት በፊት፤ የግል ዋስትና ከመፈረም በፊት፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያስር ወይም በራሱ የሚታደስ ውል ከመፈረም በፊት፤ አዲስ ሸሪክ ከማስገባት በፊት፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከሌላ ጠበቃ ለመጣ ደብዳቤ መልስ ከመጻፍ በፊት፤ አዲስ ስም ወይም ሎጎ ይፋ ከማድረግ በፊት። እርስዎ የገንዘብ መጠን ይጨምሩበት፤ ከዚህ በላይ የሆነ ውል ሁሉ ይታይ ብለው።

ለተራው ሥራ ግን አማካሪውን አንድ ጊዜ የራስዎን መደበኛ ውል ያስረቅቁት። የሽያጭ አንድ፣ የቅጥር አንድ፣ የምስጢር ጥበቃ አንድ። ከዚያ በኋላ እሱ የሚያየው ሌላው ወገን «ይቀየርልኝ» ያለውን ብቻ ነው። ወጪ የሚቀንሰው እዚህ ነው።

ውል ሲልኩለት ፋይሉን ብቻ አይወርውሩ። አራት መስመር ይጻፉ፦ ከዚህ ውል የምንፈልገው ይህ ነው፣ የምንፈራው ይህ ነው፣ በቃል የተባለው ይህ ነው፣ መልስ የምንፈልገው በዚህ ቀን ነው። «ዛሬ ማታ ይፈረማል» ብለው የሚልኩ ከሆነ ግን የሚያገኙት የማታ ሥራ ነው።

7. ጸብ ሲመጣ

ቢጠነቀቁም ይመጣል። ደብዳቤው ወይም መጥሪያው በእጅዎ ሲገባ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ጀርባው ላይ ይጻፉ። የመልስ ጊዜ ከዚያ ይቆጠራል፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችላል። ከዚያ በንዴት አይመልሱ። ቴሌግራም ላይ የተጻፈች አንዲት «አዎ ዘግይቻለሁ ግን…» ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። ምንም መልእክት አያጥፉ፤ የሚጎዳዎትንም ጭምር። ማጥፋቱ ከመልእክቱ በላይ ሊጎዳ ይችላል። የጽሑፍ ልውውጡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ላይ አስቀምጠው በቀን ቅደም ተከተል አንድ ገጽ ታሪክ ይጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን። ኢንሹራንስ ካለዎት ለእነሱም ቶሎ ያሳውቁ፤ የዘገየ ማሳወቂያ ሽፋን ሊያሳጣ ይችላል።

ቋሚ አማካሪ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይለያል። ስልክ ሲደውል «ድርጅትዎ ምን ይሠራል?» አይባልም። «የቱ ውል? በመጋቢት የፈረምነው?» ይባላል።

መንገዱ ብዙ ነው። በቀጥታ መነጋገር፣ ሽማግሌ ወይም አስማሚ ማስገባት፣ የግልግል ዳኝነት፣ ፍርድ ቤት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርካሽ ናቸው፤ ግንኙነቱንም ሊያተርፉ ይችላሉ። ይሁንና በሽምግልና ላይ እያሉ የይርጋው ሰዓት በራሱ ይቆማል ብለው አይገምቱ። ሽማግሌ ሲያመላልስ የመክሰሻ ጊዜው ያለቀበት ሰው አለ። አማካሪዎን የመጨረሻውን ቀን ይጠይቁትና ካላንደሩ ላይ በቀይ ይጻፉት። «በመርህ ደረጃ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ» ከማለትዎ በፊትም ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ፦ ቢያሸንፉ በእውነት የሚገባውና ለማሸነፍ የሚወጣው። የተረታው ሰው የሚከፍለው ነገር ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ነው።

8. በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይቀመጡ

ቀኑን ዛሬ ይቁረጡ፤ ሥራው የሚቀዘቅዝበትን ወር ይምረጡ። አማካሪው፣ ሒሳብ ባለሙያውና እርስዎ። የመጀመሪያውን ቀን የለዩአቸውን ሦስት ክምሮች እንደገና ጠረጴዛው ላይ ያውጡ። ሁለተኛው ክምር ውስጥ የጠፉት ኮፒዎች ተገኙ? ከሦስተኛው ስንቶቹ ወደ ጽሑፍ ተለወጡ? ውክልና የያዘ ማን ነው? አዲስ አገር፣ አዲስ ምርት ወይም አዲስ ዓይነት ሠራተኛ ገብቷል? ባለፈው ዓመት ለየትኛው ጥያቄ ደጋግመው ደወሉ? ለእሱ መደበኛ ሰነድ ይዘጋጅለት።

ሲጨርሱ አማካሪውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳህ የትኛው ወረቀት ነው?» የሚጠቁመውን ወረቀት ያን ዕለት ወደ ፋይሉ አይመልሱት።